ልጅቷ ነግራን ነበር

የዴንማርክ ሀበሾች፣ ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው የመጣሁት። ለራሴ ያስቀረሁት ቁጣ ለእናንተ ካመጣሁት ይበልጣል፤ እሱን የጽሑፉ መጨረሻ ላይ ስትደርሱ ትፈርዳላችሁ።

የአምናውን ደመራ የነበራችሁ ታስታውሱታላችሁ። ያልነበራችሁም ቪዲዮውን ቲክቶክ ላይ አይታችሁታል። ያምራል። እሳቱ ይንቦገቦጋል፣ ሕፃናቱ ጥበብ ለብሰዋል፣ እናቶች እልል ይላሉ። እኔ የምነግራችሁ ቪዲዮው ላይ የሌለውን ነው።

እንጨቱን የቆለልነው በዓሉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ነበር። ከከተማ ወጣ ብሎ አንድ ገበሬ በየዓመቱ የሚፈቅድልን ሜዳ አለ። የተገረዘ የፖም ቅርንጫፍ፣ ጭራሮ፣ የተሰባበረ ሳንቃ ሰብስበን ከመርን። ቶሎ እንዲያያዝ ከሥሩ ደረቅ ቅጠል ጎዘጎዝንበት። "ቅጠል ጨምሩ፣ አትሰስቱ" ያልኩት እኔ ነኝ። ከላይ ጣሪያ፣ ከታች ፍራሽ። ለጃርት ቤት ሥሩ ተብለን ቢሆን ከዚያ የተሻለ አንሠራም ነበር።

ጃርት ስል ግን እንግባባ። እኛ አገር ጃርት የምንለው ትልቁን ነው። ሌሊት ገብቶ የገበሬውን ድንችና ዱባ የሚያወድመውን። ፀጉራችንን ሳናበጥር ስንወጣ "ጃርት የበላው ዱባ መስለሃል" የሚሉን በሱ ነው። የዴንማርኩ ሌላ ፍጥረት ነው። ሁለት እጅ ላይ ይቀመጣል። ፒንስቪን ይሉታል፣ የስንጥር አሳማ እንደ ማለት። ዱባ አይነካም። የሚበላው ጥንዚዛ፣ አባጨጓሬ፣ ቀንድ አውጣ ነው፤ በጓሯችሁ የተከላችሁትን ጎመን የሚጨርሱባችሁን ማለት ነው። ሁለቱን የሚያመሳስላቸው እሾሁ ብቻ ነው። ይህን ያኔ አላውቅም ነበር ብል እዋሻለሁ። ልጆቼ ከመዋዕለ ሕፃናት ሥዕሉን እያመጡ ስንቴ ፍሪጅ ላይ ለጥፈውታል።

የዋዜማው ዕለት ሁሉ ነገር ተሟልቶ ነበር። ፈቃድ ወስደናል። ውኃ በባልዲ ተቀምጧል። እሳት ማጥፊያ እንኳ አንዱ ከመኪናው አምጥቷል። ከበሮው እየተመታ ደመራውን ዞርነው፣ ካህኑ ባረኩ። እኔ ችቦ ይዤ ፊት ቆሜያለሁ።

አንዲት የስምንት ዓመት ልጅ መጥታ የእናቷን ነጠላ ሳበች። "ማሚ፣ እዚያ ውስጥ ፒንስቪን አለ።" እናቷ ቀና ብላ አየችን። አንዱ "ምን አለች?" አለ። "ጃርት አለ ነው የምትለው" አለች እናቷ።

ያን ጊዜ እኔ ምን አልኩ? "ጃርት ከሆነማ ይጠበስ! የእናቴን ዱባ ስንት ዓመት በልቷል!"

ሰው ሳቀ። ሽማግሌዎቹም ሳቁ። ልጅቷ አማርኛው አልገባትም፤ በሷ እንደተሳቀ ግን ገብቷታል። ፊቷ ቀላ። ወደኔ መጣችና የጋቢዬን ጫፍ ይዛ በዴንማርክኛ "ተኝቷል እኮ" አለችኝ። ቀስ ብላ፣ እንዳይቀሰቀስ የፈራች ይመስል። ራሷን ዳበስ አድርጌ "አይዞሽ፣ እሳት ሲያይ ይሮጣል" አልኳት።

ከዚያ ለኮስን።

አይሮጥም፣ ወገኖቼ። ጃርት ሲፈራ መሮጥ አያውቅም። ይጠቀለላል። አፍንጫውንና ሆዱን ወደ ውስጥ ይደብቅና ሺህ በሺህ እሾሁን ወደ ውጭ አድርጎ ይጠብቃል። ለቀበሮ ይሠራል። ለመኪና ጎማ አይሠራም። ሌሊት ጓሮ ለጓሮ ለሚዞረው የሣር ማጨጃ ሮቦት አይሠራም። ለእሳትማ ምኑም አይደለም።

ደመራው ወደ ምሥራቅ ወደቀ። "ጥሩ ዓመት ነው" ተባለ። ዳቦ ተቆረሰ፣ ጠላ ተቀዳ። እኔም እዮሃ አበባዬ ብዬ ዘፍኛለሁ።

በማግሥቱ ሜዳውን ለማጽዳት ቀድሜ የደረስኩት እኔ ነበርኩ። እንደ ልማዳችን ከአመዱ ቆንጥሬ ግንባሬ ላይ የመስቀል ምልክት አደረግኩ። ከዚያ በአካፋ አመዱን መግፋት ጀመርኩ። መሐሉ ላይ አንድ ነገር ተንከባለለ። የተቃጠለ ድንች መስሎኝ ነበር። ሰው ድንች ቀብሮ ረስቶ ሄዶ መሆን አለበት ብዬ በጫማዬ ገለበጥኩት። ክብ ነው። እሾሁ ቀልጦ አንድ ላይ ተጣብቋል። ከተኛችበት ሥር፣ ቅጠሉ አመድ ሆኖ ካላለቀበት እርጥብ ቦታ ላይ፣ አራት ትንንሾች ነበሩ። አንዱ ቡና ስኒ አይሞላም። ዘግይታ የወለደች ናት፤ እዚህ አገር እስከ መስከረም የሚወልዱ አሉ። እኛ ቅጠል ስንጎዘጉዝ፣ የምትወልድበት ፍለጋ ላይ ሳትሆን አልቀረችም።

እጄ ወደ ግንባሬ ሄደ። አመዱ አሁንም እዚያው ነበር።

ያደረግሁትን ልንገራችሁ። ሰው ከመምጣቱ በፊት ጉድጓድ ቆፍሬ ቀበርኳቸው። ሌሎቹ ሲመጡ "ምን አገኘህ?" ሲሉኝ "ሚስማር" አልኩ። ለአንድ ዓመት ያህል ለማንም አልተናገርኩም። ልጅቷን በማኅበር ቀን ሳያት ፊቴን አዞራለሁ። የጎለመስኩ ሰው ከሕፃን ተደብቄ ወደ ኩሽና እገባለሁ። ችቦውን የያዘው ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ ከዓመት በፊት እጽፈው ነበር፤ ያውም በስም።

አሁን አንዳንዶቻችሁን እሰማችኋለሁ። "አገር ቤት ሰው እየሞተ አንተ ስለ ጃርት ታለቅሳለህ?" ይህን ራሴም ለራሴ ብዬዋለሁ፣ ዓመቱን ሙሉ። ሰው መሞቱ እውነት ነው። ግን ያን ዕለት ልጅቷን ዝም ያሰኘናት ስለ አገር ቤት ሐዘን ላይ ስለነበርን አይደለም። ሰዓቱ እንዳያልፍብን ነው። ቪዲዮው እንዳይበላሽብን ነው። ሐዘናችንን ባላስፈላጊ ቦታ አንጥራው።

"የነሱ አውሬ ነው፣ እነሱ ይጨነቁለት" የሚልም አይጠፋም። ፓስፖርቱን ስንወስድ የኛ ነው፣ የልጆች አበሉ የኛ ነው፣ ጃርቱ ሲሆን የነሱ? ደግሞ የኛ የምንለውንስ ምን አደረግነው? ዋሊያን ማልያ ላይ ለጥፈን ሰሜን ተራራ ላይ እያለቀ ነው። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ያለው ኢትዮጵያ ብቻ ነው ብለን እንፎክራለን፤ ለአቅመ መውለድ የደረሰው 500 እንደማይሞላ ስንናገር እንኳ ብርቅነቱን እንጂ ማለቁን አናስበውም።

ይህች አገር ትንሽ ናት። 43,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ፤ ከመሬቷ 60 በመቶው ገደማ የእርሻ ማሳ ነው። ለአውሬ የተረፈው ጥቂት ነው። አውሬ ማጣት ምን እንደሆነም ታውቀዋለች። የመጨረሻው ተኩላዋ በ1813 ተገደለ፤ ሌላ እስኪመጣ እስከ 2012 ድረስ 200 ዓመት ያህል ጠበቀች። ቢቨር፣ ያ ግድብ የሚሠራው የውኃ አውሬ፣ ጨርሶ ጠፍቶባት በ1999 ከጀርመን 18 አምጥታ እንደገና ለቀቀች። ጃርቱም ከማሳው እየተገፋ ወደ ሰው ጓሮ ገብቷል፤ ወደኛ ጓሮም ጭምር። በሕግ የተጠበቀ ነው፣ አይገደልም። እንደዚያም ሆኖ የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በጥቅምት 2024 የምዕራብ አውሮፓን ጃርት "አያሰጋም" ከሚለው መዝገብ አውጥቶ "ለአደጋ የተቃረበ" ብሎ አስፍሮታል። ቁጥሩ ቀንሷል ከተባለባቸው አገሮች አንዷ ዴንማርክ ናት።

የጎረቤቶቻችንን ነገር ደግሞ ስሙ። በ2016 ሶፊ ሉንድ ራስሙሰን የምትባል ተመራማሪ ሞቶ ያገኛችሁትን ጃርት ሰብስቡልኝ አለች። ሰዎቹ ሰበሰቡላት፣ ወደ 700። ከመንገድ ዳር በፌስታል አንስተው። ዕድሜያቸውን ከመንጋጋ አጥንታቸው ቆጠረችው፤ እንደ ዛፍ ግንድ በየክረምቱ እንቅልፍ መሥመር ይሠራል። ከተመረመሩት ከግማሽ በላይ የሞቱት መንገድ ሲያቋርጡ ነው። አማካይ ዕድሜያቸው ሁለት ዓመት ገደማ ነበር። አንዱ ግን 16 ዓመት ኖሮ ተገኘ፣ ቶርቫል ብለው ስም አወጡለት፤ በዓለም ከተመዘገቡት ሁሉ አንጋፋው ሆነ። ይህን ሳነብ መጽሔቱን አስቀምጬ ወጣሁ። እነሱ የሞተውን አንስተው ዕድሜውን ጠየቁ። እኔ አፈር አልብሼ ሚስማር ነው አልኩ።

ደግሞ ያላወቅነው ነገር የለም። እነሱም እሳት አላቸው፣ ሳንክት ሃንስ፣ በየዓመቱ ጁን 23 ማታ። በየዓመቱ ከዚያ በፊት ይለፈፋል፤ ክምሩን ከማቃጠላችሁ በፊት በዕለቱ ከቦታው አንሡት፣ ጃርት ይገባበታል እየተባለ። ሁላችንም ሰምተነዋል። ለነሱ እሳት እንጂ ለኛ ደመራ የተነገረ አልመሰለንም።

የምለምናችሁ ቀላል ነገር ነው። እንጨቱን ደመራው በሚለኮስበት ዕለት ጠዋት እንከምረው። ቀድሞ የተከመረ ካለ ወደ ሌላ ቦታ እናዛውረው፣ እየተነሣ ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ። ቅጠሉን ደግሞ ሜዳው ዳር አጥር ሥር እንተውላቸው፣ ክረምቱን የሚተኙበት። ጓሯችሁ ከመጣ ወተት አትስጡት፣ ሆዱን ያመዋል፤ ውኃ ይበቃዋል። ሮቦት ማጨጃ ያላችሁ ማታ አጥፉት። ልጅ ሲናገር ደግሞ ጎንበስ ብለን እንስማ፤ አማርኛው ቢሰባበርም።

ባለፈው ወር ለልጅቷ እናት ስልክ ደውዬ ሁሉንም ነገርኳት። ብዙ ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ "ያን ዕለት ማታ መኪና ውስጥ 'ወጣ ወይ?' ብላ ጠይቃኝ ነበር" አለችኝ። "ምን አልሻት?" አልኳት። "አዎ ወጣ አልኳት።"

ለዘንድሮ ሰው እየመዘገብኩ ነው። በዕለቱ ማለዳ ሄዶ እንጨት የሚከምር። በማኅበሩ ግሩፕ ላይ ሁለቴ ለጠፍኩት። እስካሁን ሦስት ሰው አለን፤ አንዱ እኔ ነኝ፣ አንዱ ወገቡን ያመዋል። ሌሎቻችሁ አውራ ጣት ልካችሁልኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ አውራ ጣት እንጨት አይሸከምም እንጂ።

ልጅቷ ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። ትመጣ እንደሆነ እናቷን ጠየቅኋት። "መጀመሪያ እውነቱን ልንገራት፣ ከዚያ እሷ ትወስን" አለችኝ።