ግማሽ ሰከንድ ቀላል አይደለም
ከታዋቂ ፊልሞች በተወሰዱ ቁራጮች የተሠራውን የቸክ ወርክማንን አጭር ፊልም፣ «ፕሬሽስ ኢሜጅስ»ን፣ አንዳንዶች እንደሚሉት «የሰው ፊልም ቆርጦ መቀጠል ብቻ» ማለት ልክ አይደለም። 470 ገደማ ቁራጮችን 8 ደቂቃ አካባቢ በሆነ ጊዜ ውስጥ አስገብቶ ነው ኦስካር ያገኘው። ብዙዎቹ ግማሽ ሰከንድ፣ ማለትም 12 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ብቻ ናቸው። በዚያ ላይ ጊዜው 1986 እ.ኤ.አ. ነው፤ እንደ ዛሬው በማውስ መጎተት የለም፣ ሴሉሎይዱ (የፊልሙ ጥቅል) በእጅ ተቆርጦ በቴፕ ይያያዛል። እኔ የሠርግ ቪዲዮ ኤዲተር ነኝ። ለሦስት ደቂቃ ማስታወሻ ሌሊቱን ሙሉ አፈጣለሁ። ሙሽራዋ ወደ ግራ ዞር ስትል ተቆርጦ ቀጣዩ ሰው ወደ ቀኝ ከዞረ ዓይን ይሰናከላል፤ እንደገና መፍታት ነው። ፊልሙን አይተሽ «በጣም ፈጠነብኝ» ላልሽው እህቴ፣ እስቲ ድምፁን ዘግተሽ ድገሚው። ሳቁ ከሳቅ፣ ፍርሃቱ ከፍርሃት ጋር እንዴት እንደተሰፋ ያኔ ይታይሻል።