ቆጮውን ማን ፋቀው?

ስለ አዲስ አበባ ክትፎ ቤቶች የጻፋችሁትን ወድጄዋለሁ። ባለቤቶቹ ከምን ተነስተው የት እንደደረሱ በደንብ ተነግሯል። ግን ስለ ቆጮው «አብሮ ይቀርባል» ተብሎ ታለፈ። ማን ሠራው?

እኔ ያደግኩት ጉራጌ አገር ነው፣ እናቴና ጎረቤቶቿ ተሰብስበው እንሰት ሲፍቁ እያየሁ። እንሰቱ እስኪደርስ አራት አምስት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይጠበቃል። ሲደርስ ግንዱን ሸንሽነው፣ ጋደል ባለ ሳንቃ ላይ በአንድ እግራቸው ደግፈው ይዘው፣ በቀርከሃ ቀኑን ሙሉ ይፍቁታል፤ ወገብ የሚቆርጥ ሥራ ነው። ጭማቂው ሲረጋ ቡላ ይሆናል። ጭረቱ ቃጫ ነው። የቀረው በኮባ በተሸፈነ ጉድጓድ ተቀብሮ ለሳምንታት፣ ብሎም ለወራት ሲብላላ ቆጮ ይሆናል፤ በየጊዜውም ይገላበጣል፣ ኮባው ይቀየራል። የትኛው የእንሰት ዓይነት ብዙ ቡላ እንደሚሰጥ፣ የትኛው ለአሚቾ፣ ማለትም ተቀቅሎ ለሚበላው የእንሰት ሥር፣ እንደሚሆን ለይተው የሚያውቁት እነዚህ ሴቶች ናቸው። ወንዶቹ ይተክላሉ፣ ይቆፍራሉ፣ እሱንም አልክድም። ግን ቆጮ የሴት እውቀት ነው፤ ጉልበት ብቻ አይደለም።

ደግሞ ነገሩ የክትፎ ማባያ ብቻ አይደለም እኮ! ከጉራጌ እስከ ሲዳማ፣ ከሀዲያ እስከ ጌዴኦ በእንሰት የሚኖረው ሕዝብ ወደ 20 ሚሊዮን ይጠጋል።

እባካችሁ፣ በሚቀጥለው ጽሑፋችሁ አንዷን እናት አነጋግሩልኝ። ቆጮውን ከደጇ በስንት እንደሸጠች፣ ከተማ ሲገባ ስንት እንደሆነ ጠይቁልኝ። ፈቃዷ ከሆነ ስሟንም ጻፉት።