ቡናውማ አለ፤ ሰሚው ማን ነው?

ባለፈው ሳምንት ደሴ ውስጥ አንድ የነጋዴዎች ስብሰባ ላይ ነበርኩ። አጀንዳው የዓመቱ መዋጮ ነበር። አንዲት አባል ተነስታ፣ "ከመዋጮው ትንሽ ቀንሰን በወር ሁለት ቀን የሥነ ልቦና ባለሙያ እናምጣ፤ ከመሃላችን ውስጥ ውስጡን የሚሰቃይ አለ" አለች። አንድ የተከበሩ አባት ማይኩን ተቀበሏት። "ሆዱ የሞላ ሰው በምን ይሰቃያል? ይሄ የጥጋብ በሽታ ነው። ደግሞስ ወሎ ቡና እያለ ሳይኮሎጂስት ምን ሊሠራ?" ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሐሳቡም በዚያው ወደቀ።

ከጥጋቡ በፊት ቡናውን ላንሳ።

ቡናን ማን ይጠላል? እኔም በቀን ሁለቴ እጠራለሁ። ግን ሀብት ያለው ሰው ቡና ላይ ሲቀመጥ ልብ ብላችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አቦል ላይ "እንዴት ነህ?" ይባላል። "አልሐምዱሊላህ" ወይ "እግዚአብሔር ይመስገን" ይላል። ሌላ መልስ የለም። ቶና ላይ የጎረቤት ልጅ ሥራ አጥቷል፤ "እስቲ እዚያ ሱቅህ..." ይባላል። በረካ ላይ የብድር ወሬ ይመጣል፤ ካልሆነም የመስጊድ ወይ የቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ። ሰውዬው ሦስቱንም ስኒ የጠጣው እየሰማ ነው። ያገኘ ሰው ቡና ላይ ተናጋሪ ሆኖ አያውቅም።

ደፍሮ "እኔስ ነገሩ ሁሉ ጣዕም አጣብኝ" ቢልስ? አንዷ "ዓይን ነው" ትለዋለች። አንዱ "ምን ጎደለህ?" ይለዋል። የቀረው "አብሽር" ይለዋል። አብሽር የምወደው ቃል ነው። ለለቅሶ፣ ለኪሳራ፣ ፈተና ለወደቀ ልጅ መድኃኒት ነው። ለዚህ ሰው ግን ክዳን ነው፤ አፉ ላይ ይገጠምለታል። በማግስቱ ደግሞ ሰኞ ገበያ ላይ "እገሌ ሳይከስር አልቀረም" መባል ይጀመራል። ያኔ በዱቤ ዕቃ የሚሰጠው ሁሉ ሒሳቡን ይጠይቃል። ነጋዴ መክፋቱን ያወራ ቀን ዱቤው ይዘጋል! ይህን እኚያ አባት ያጡታል? ዕድሜያቸውን ሙሉ ነግደዋል እኮ።

ጓደኛዬ የግንባታ ዕቃ ነጋዴ ነው። ልጅ እያለን ፒያሳ ፌስታል ይሸጥ ነበር። በ2014 ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ሱቁ ባዶውን ቀረ። መልሶ ሞላው። አልፎ ተርፎ አራት ፎቅ ሠራ። የምረቃው ዕለት ሰው ላይ ቤት ሲበላ ሲጠጣ እሱን ምድር ቤት አገኘሁት፤ የተረፈ ሲሚንቶ ላይ ተቀምጧል። "ሕንፃው አለቀ፤ እኔም አብሬ አለቅሁ" አለኝ። ከዚያ ወዲህ ከኮምቦልቻ ሲመለስ ሀረጎ ዳገት ላይ መኪናውን ያቆማል። ሞተሩን አያጠፋም። ጭጋጉን እያየ ግማሽ ሰዓት ይቆያል። ቤት መግባት ያስጠላዋል።

ጥጋብ? የጠገበ ሰው ጠብ ያምረዋል። ይሄ ምንም አያምረውም። ሐኪሞች ድብርትን የሚለዩበት ፒኤችኪው-9 የሚባል ቅጽ አለ፤ በአማርኛም ይሠራበታል። ስላለፉት 2 ሳምንታት 9 ነገር ይጠይቃል። የመጀመሪያው ፍላጎትና ደስታ ስለማጣት ነው። ከዚያ እንቅልፍ አለ፣ ድካም አለ። ዘጠነኛው ሞትን ስለመመኘት ነው። "ስንት ፎቅ አለህ?" የሚል አንድም የለበትም።

በ1978 እንደ ፈረንጆቹ፣ አሜሪካ ኢሊኖይ ውስጥ የሥነ ልቦና ተመራማሪው ብሪክማንና ባልደረቦቹ ትልቅ ሎተሪ የደረሳቸው 22 ሰዎችን ካልደረሳቸው ጋር አነጻጽረው ነበር። ባለዕድሎቹ ከሌላው ያን ያህል ደስተኛ ሆነው አልተገኙም። እንዲያውም ቁርስ ከመብላትና ከወዳጅ ጋር ከማውራት የሚያገኙት ደስታ አንሶ ነበር። "22 ሰው ምን አላት?" እንዳትሉኝ። እኔ ደሴ ብቻ ከዚያ በላይ አውቃለሁ። ከፒያሳ እስከ ቧንቧ ውሃ ከቆሙት ፎቆች ግማሹ ባለቤታቸው ከራሱ ሲሸሽ የቆሙ ናቸው ብል የሚያስተባብለኝ ይምጣ።

አንድ ነገር አምናለሁ። "የሚሊየነር አስተሳሰብ" እያሉ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ሰው የሚያስጨበጭቡት አሠልጣኞች አሉ። ከነሱስ ቡናው ይሻላል። ስብሰባው ላይ "ድሃው ይቅደም" ያሉም ነበሩ። ይቅደም። ግን ገንዘቡ ለድሃ አልሄደም፤ ለአዳራሽ ኪራይ ነው የጸደቀው።

ባለሙያው ምን ያደርጋል? ጓደኛዬን "ምን ጎደለህ?" አላለውም። "ፎቁን ስትሠራ ማን እንዲያይልህ ነበር?" አለው። ሁለት ሳምንት መልስ አጣ። ከዚያ አባቱ ትዝ አሉት። ፌስታል ሲሸጥ "አንተ ደግሞ ሰው አትሆንም" ያሉት፣ ሰው ሆኖ ሳያዩ የሞቱት። ይሄንን የትኛው በረካ ላይ ያውራው? አሁን የቤት ሥራ አለው፤ ለሥራ ብሎ የተዋቸውን ነገሮች ጽፎ በሳምንት አንዱን ይሠራል። ባለፈው ቅዳሜ ጦሳ ተራራን በእግሩ ወጣ።

ይህን ሁሉ ያገኘው ግን አዲስ አበባ ነው። ደሴ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አለ። እዚያ ወረፋ ይዞ ቢታይ ግን ምሳ ሳይደርስ ሙጋድ ሰፈር ድረስ ይሰማል። ስለዚህ በየሁለት ሳምንቱ 401 ኪሎ ሜትር ይነዳል። ለሚስቱም ለሠራተኛውም "ዕቃ ላመጣ ነው" ይላል። እንዳይጠረጠር የግድ አንድ ሁለት ካርቶን ጭኖ መመለስ አለበት። በቀደም ሁለት ካርቶን የበር ቁልፍ ይዞ ገባ። የሱቁ ልጅ ካርቶኑን ከፍቶ አየና ግራ ገባው።

"ጋሼ፣ ለዚህ ነው እዚያ ድረስ የሚሄዱት? ይሄማ እዚሁ አለ እኮ።"