ዝናቡ ቢቀርም በርሜሉ አለ

ወባ እኛ አገር ቀጠሮ አላት። ክረምቱ ይወጣል፣ ውሃው ያቁራል፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሰው ይንቀጠቀጣል። ከበልግ በኋላም ብቅ ትላለች። ለገጠሩ ይህ ቀጠሮ አሁንም ይሠራል። ድሬዳዋ ላይ ግን ከፈረሰ ቆይቷል፣ እኛ ዛሬም ሰማይ ሰማይ እናያለን።

እ.ኤ.አ. በ2019 ድሬዳዋ ላይ ዓመቱን ሙሉ የተመዘገበው የወባ ሕመምተኛ 205 ነበር። በ2022 ከጥር እስከ ግንቦት ብቻ ከ2,400 አለፈ። ያውም ወባ ታርፋለች በሚባልበት በበጋው! የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ተመራማሪዎች ነገሩን ሲከታተሉ ያገኟት አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የምትባለዋን ትንኝ ነው። አገሯ እስያ ነው። በ2012 ጅቡቲ ታየች፣ በ2016 ቀብሪ ደሃር ተገኘች። ነባሮቹ የወባ ትንኞች የዝናብ ኩሬና ረግረግ ይፈልጋሉ፤ ይቺ ግን የከተማ ልጅ ናት፣ ሮቶ፣ በርሜል፣ ለግንባታ የተጠራቀመ ውሃ ይበቃታል። ዝናብ አትጠብቅም።

ድሬ የአክስቴ ግቢ ሁለት በርሜል አለ። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ የመጣ ቀን እስከ አፉ ይሞላል። አንደኛው ክዳን አለው፣ ሌላኛው ላይ ቆርቆሮ ጣል ተደርጎበታል። ቆርቆሮውን ገለጥ አድርጌ የስልኬን መብራት ሳበራበት ከክር የቀጠኑ ነገሮች እየተጥመለመሉ ወደ ታች ወረዱ። «እሱ የውሃ ትል ነው፣ ምንም አይል፣ አጥልለን ነው የምንጠቀመው» አለችኝ አክስቴ። በድሬ ሙቀት ያ ትል አሥር ቀን ሳይሞላው ክንፍ አውጥቶ ይበራል።

ዝናብ ምንም አያደርግም እያልኩ አይደለም። እንዲያውም ሥራው ግራ ያጋባል። ዶፍ ሲወርድ ቦዩን ጠራርጎ የትንኙንም እጭ ይዞት ይሄዳል። ጣጣው ከዚያ በኋላ ነው፣ ሰማዩ ጠራ ሲል፣ የተጣለ ጎማና ጣሳ ውስጥ የቀረው ውሃ ጸጥ ብሎ ሲቀመጥ። ደንጊና ቺኩንጉንያ የሚባሉትን የትኩሳት በሽታዎች የምታስተላልፈው ኤዴስ የምትባል ሌላ ትንኝ ደግሞ እንቁላሏን ዕቃው ግድግዳ ላይ ትለጥፋለች፤ እንቁላሉ ደርቆ ለወራት ይቆይና ውሃ ሲነካው ይፈለፈላል። ስለዚህ በርሜሉን መድፋት ብቻ አይበቃም፣ ውስጡ መፈተግ አለበት። ድሬ እነዚህን በሽታዎች ታውቃቸዋለች፦ እ.ኤ.አ. በ2013 ደንጊ፣ በ2019 ክረምት ከ40 ሺህ በላይ ሰው ያጠቃ፣ መገጣጠሚያ ቆልፎ የሚያስቀምጥ ቺኩንጉንያ። ኤዴስ የምትናከሰው ቀን ስለሆነ ማታ አጎበር ብትገባም አያድንህም።

ዝናብ ሲጠፋስ? ቧንቧው ይደርቃል፣ በርሜል ይበዛል፣ ውሃውም ብዙ ቀን ይቀመጣል።

እኔን የሚያናድደኝ ምክራችን ነው። በየዓመቱ ዘመቻ ይታወጃል፣ ውሃ ያቆረ ቦታ አፋስሱ፣ አዳፍኑ ይባላል። ጥሩ ነው፣ ለኩሬ። ውሃ በሳምንት አንዴ የሚያገኝን ሰው ግን ያጠራቀምከውን ድፋ ማለት ቀልድ ነው። ከተማ ውስጥ የወባ መከላከያው ገጠም የሚል ክዳን ነው፣ ሮቶው አፍ ላይ የሚወጠር ወንፊት ነው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የማይቋረጥ ቧንቧ ነው። የወባ በጀት ሲመደብ የውሃ መስመሩን የሚዘረጋው ሰው እዚያ ስብሰባ ላይ ካልተቀመጠ፣ አጎበር ስናድል እንከርማለን።

የአክስቴን በርሜል ደፍተን፣ ውስጡን በአሸዋ ፈትገን፣ አፉ ላይ ስስ ጨርቅ በላስቲክ አሰርንበት። ውሃው የመጣው ከአምስት ቀን በኋላ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። አክስቴ በእንቅልፍ ዓይኗ ጨርቁን ፈታ የውሃውን ጎማ ከተተች። ጠዋት ስነሳ በርሜሉ ጢም ብሏል፣ ጨርቁ ገመዱ ላይ ተሰጥቷል።