ገመናን ደብቆ ትስስር የለም

ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፈው ለሦስታችሁ ነው፤ ፋብሪካና ድርጅት ለምታስተዳድሩ፣ በዩኒቨርሲቲ ለምታስተምሩና ለምትመሩ፣ በቅርቡ ስታርትአፕ ለጀመራችሁ። ቅር ብትሰኙብኝም እናገራለሁ፤ ነገሩ ያንገበግበኛል።

«የዩኒቨርሲቲ ኢንዱስትሪ ትስስር» እየተባለ የመግባቢያ ሰነድ ሲፈረም አምስት ጊዜ አዳራሽ ተቀምጬ አይቻለሁ። ባነር ይሰቀላል፣ ንግግር ይደረጋል፣ ሁለት ኃላፊዎች ወረቀት ይለዋወጣሉ፣ ይጨበጨባል፣ ፎቶ እንነሳለን። ከአምስቱ በአንዱም ላይ ግን «ሰኞ ጠዋት እገሌ ለእገሌ ይደውላል» የሚል መስመር አላየሁም። ከዓመት በኋላ የአንዱን ቅጂ ብጠይቅ የፈረመው ክፍል ራሱ ፈልጎ አጣው። በየመክፈቻው «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ስንል እንከርማለን፤ ድሩን የሚያከር እጅ ግን ከመካከላችን ጠፋ።

በአንድ ፋብሪካ ጥገና ክፍል ስሠራ ያየሁትን ልንገራችሁ። የአንድ ትልቅ ሞተር ኩሽኔታ (ዘንጉን ይዞ የሚያሽከረክረው ባለ ኳስ ቀለበት) በየአራት ወሩ ይበላል። እናወጣዋለን፣ አዲስ እናስገባለን፣ ግሪስ እንሞላለን፣ ሞተሩ ይነሳል፤ ከአራት ወር በኋላ ያው ጩኸት ይመለሳል። የተበሉት ኩሽኔታዎች መጋዘን ጥግ በካርቶን ተጠራቅመዋል። አንድ ቀን አንዱን በግራይንደር አስቆርጬ ውስጡን ባየው፣ ኳሶቹ የሚሽከረከሩበት መንገድ ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ በእኩል ርቀት የተደረደሩ መስመሮች አገኘሁ።

ፎቶውን ከእኛ በእግር ሃያ ደቂቃ በማይርቅ ዩኒቨርሲቲ ለሚያስተምሩ የኤሌክትሪክ ምህንድስና መምህር አሳየኋቸው። ገና ቆመው ሳሉ «ይህ የግሪስ ችግር አይመስለኝም» አሉኝ። «የሞተሩን ፍጥነት ከሚቆጣጠረው ኢንቨርተር የሚመጣ ኤሌክትሪክ በዘንጉ አልፎ በኩሽኔታው በኩል ወደ መሬት እየወረደ ይሆናል። እንደዚያ ከሆነ ለዘንጉ ሌላ የመሬት መስመር ሲበጅለት ያርፋል። ግን ሞተሩ ሲሠራ መጥተን እንለካው።» ከመደርደሪያቸውም አንድ የመመረቂያ ጽሑፍ አወረዱልኝ። ተማሪያቸው ይህንኑ ነገር በቤተ ሙከራ ለክቶ ጽፎበታል፤ ከገምጋሚዎቹ በቀር የከፈተው ሰው እንዳልነበረ ነገሩኝ። እየቸኮልኩ መጥቼ ለሥራ አስኪያጃችን ባቀርብ የመለሱልኝ «ገመናችንን ለውጭ ሰው እናሳይ?» የሚል ነው።

የድርጅት መሪዎች ሆይ፣ ተግሳጼን ከእናንተ የምጀምረው ለዚህ ነው። ትስስሩ የሚጀምረው እናንተ ጋ ካለው ችግር ነው፤ እሱን ቆልፋችሁበት የምትፈርሙት ሰነድ ባዶ ነው። «አብረን እንሥራ» ትላላችሁ፤ «ምን ላይ?» ተብላችሁ ስትጠየቁ ግን ስለ ራእያችሁ ታወራላችሁ እንጂ የትኛው መስመር በወር ስንት ሰዓት እንደሚቆም አትናገሩም። የንግድ ምስጢር አውጡ አላልኩም። የተበላ ኩሽኔታ ምስጢር አይደለም። ደግሞም የዩኒቨርሲቲውን ሰው ቋንቋ የሚረዳ አንድ መሐንዲስ እንኳ በውስጣችሁ ካላቆያችሁ፣ መፍትሔው ደጃችሁ ቢመጣ አታውቁትም። ዌስሊ ኮኸንና ዳንኤል ሌቪንታል የተባሉ ምሁራን በ1990 ያስረዱት ይህንኑ ነው፤ ራሱ የማይማር ድርጅት ከውጭ የመጣለትን ዕውቀት ለይቶ አያነሳም። (ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።)

ስታርትአፕ ከጀመሩት ወጣቶች ጋር ያላችሁ ነገርማ ያሳዝናል። ምርታቸውን ታስሞክራላችሁ፣ ታመሰግናላችሁ፣ ከዚያ «የአምስት ዓመት የሥራ ልምድ ማስረጃ» ትጠይቃላችሁ። ኩባንያው ከተመሠረተ ዓመት ከመንፈቁ ነው! ከዚህ ከተረፈ ደግሞ ክፍያውን ስድስት ወር ታዘገዩበታላችሁ። ለእናንተ ስድስት ወር የሒሳብ ክፍል ወረፋ ነው፤ ለአራት ሰዎች ድርጅት ግን የአራቱም ደመወዝ ነው።

በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ያለውን የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች መንደር፣ ሲሊከን ቫሊን፣ እንደ ጸሎት የማያነሳ የለም፤ አጀማመሩን ግን ልብ ብላችሁ እዩት። ዊልያም ሂውሌት እዚያው ባለው በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሲማር የሠራውን የድምፅ ሞገድ አመንጪ መሣሪያ ወደ ገበያ እንዲያወጣው መምህሩ ፍሬድሪክ ተርማን ገፋፋው። በ1939 ከጓደኛው ከዴቪድ ፓካርድ ጋር በ538 ዶላር መነሻ ጋራዥ ውስጥ ሥራ ጀመሩ። ከመጀመሪያዎቹ ገዢዎቻቸው አንዱ የዋልት ዲዝኒ ስቱዲዮ ነበር፤ ከእነሱ ስምንት መሣሪያ ገዛ። እዚህ ላይ ቆም በሉ። ተማሪውን የሚያውቅ መምህር፣ የትምህርት ሥራቸውን ዕቃ ያደረጉ ሁለት ወጣቶች፣ ስማቸውን ማንም ከማያውቃቸው ልጆች ለመግዛት ያላፈረ ስመ ጥር ድርጅት። ሦስቱም ወገን በአንዲት መሣሪያ ዙሪያ ተገናኙ። ስታንፎርድ የራሱን መሬት ለኩባንያዎች ያከራየበት የኢንዱስትሪ ፓርክ የተከፈተው ከዚያ ከ12 ዓመት በኋላ፣ በ1951 ነው። እኛ ግን ከግንቡና ከአጥሩ እንጀምራለን።

ሌላም ነገር አለ። ሠራተኛ ለቆ የራሱን ሥራ ሲጀምር ወይም ጎረቤት ድርጅት ሲገባ እንደ ከሃዲ እናየዋለን። ስልኩን አናነሳም፣ ስለ እሱ ክፉ እናወራለን። በሲሊከን ቫሊ ግን በ1957 ስምንት ሰዎች የሾክሊን የትራንዚስተር ድርጅት ጥለው ወጥተው ፌርቻይልድ የተባለውን ኩባንያ መሠረቱ፤ ከፌርቻይልድ የወጡ ደግሞ በ1968 የቺፕ አምራቹን ኢንቴልን መሠረቱ። የካሊፎርኒያ ሕግም ከ1872 ጀምሮ «ከእኔ ከወጣህ በዚህ ሙያ አትሠራም» የሚል ውልን በጥቅሉ አይቀበልም። በቦስተን ዙሪያ በሩት 128 መንገድ ላይ የነበሩት የኮምፒውተር ኩባንያዎች ከሲሊከን ቫሊ ባላነሰ ሀብትና ዕውቀት ተነስተው ነበር፤ ስመ ጥሩ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ኤምአይቲ ደጃቸው ነው። ነገር ግን ሁሉን ነገር በየራሳቸው አጥር ውስጥ መሥራት ወደዱ። የኮምፒውተር ገበያው ሲለወጥ ከመካከላቸው ዋንግ በ1992 ከሰረ፤ ዲጂታል ኢኩዊፕመንትም በ1998 ለሌላ የኮምፒውተር ኩባንያ፣ ለኮምፓክ፣ ተሸጠ። የወደቁበት ምክንያት ብዙ ነው፤ እኔ ግን ያንን አጥር ከዋናዎቹ አንዱ አድርጌ አየዋለሁ። ሰው ሲዘዋወር ዕውቀት ይዞ ይዘዋወራል። የለቀቀው ልጃችሁ ነገ ደንበኛችሁ ወይም አቅራቢያችሁ ነው፤ በክብር ሸኙት።

የዩኒቨርሲቲ ሰዎች፣ እናንተም አትተርፉም። ችግር ይዞ የመጣን ባለ ፋብሪካ ከቢሮ ቢሮ ታንከራትታላችሁ፤ ውል ለመፈረም ዓመት ይፈጅባችኋል፤ ገና ምንም ሳይሠራ የባለቤትነት መብቱን ድርሻ ትከራከራላችሁ። መምህሩም ያደገው ባሳተመው ጽሑፍ ቁጥር እንጂ ባስነሳው ማሽን ስላልሆነ ፋብሪካ መሄዱ ትርፍ ሰዓት ይሆንበታል። በጀርመን በ1949 የተቋቋመው ፍራውንሆፈር የተባለው የምርምር ድርጅት አሠራሩ ሌላ ነው። ከመንግሥት የሚመጣለት መደበኛ በጀት የወጪውን ከፊል ብቻ ይሸፍናል፤ የቀረውን በኢንዱስትሪ ውልና በፕሮጀክት ማምጣት አለበት። የኢንስቲትዩቶቹ ኃላፊዎችም በአብዛኛው የዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰሮች ናቸው። አንዱ ሰው በሁለቱም ቤት ወንበር አለው፤ ስለዚህ ለመገናኘት ሰነድ አይጠብቅም። ሙዚቃን በትንሽ ፋይል የሚያስቀምጠው ኤምፒ3 በዋናነት የወጣው ከእንዲህ ዓይነት ቤት ነው። እናንተ ቢያንስ የእድገት መመዘኛውን ለውጡ። ያ የመመረቂያ ጽሑፍ መደርደሪያ ላይ አቧራ የጠጣው ተማሪው ስለሰነፈ አይደለም።

ስታርትአፕ የጀመራችሁ ወጣቶች፣ ለእናንተ አጭር ነው። ከውድድር ወደ ውድድር ዋንጫ እየለቀማችሁ አትዙሩ። ምርታችሁ ለፋብሪካ ከሆነ አንድ ሙሉ የሌሊት ፈረቃ ከኦፕሬተሮቹ ጋር ቁማችሁ እደሩ። ሐሳባችሁ ይሰረቃል ብላችሁ ከምታንሾካሹኩ የሚገዛችሁን ሰው ችግር ጠይቁ።

አቅሙ የለንም የምትሉኝ ካላችሁ፣ ኔዘርላንድስ ያለችውን አይንድሆቨንን እዩ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከተማዋን ያቆማት ፊሊፕስ ሠራተኛ በገፍ ቀነሰ፤ የመኪና አምራቹ ዳፍም በ1993 ከሰረ። ከንቲባው፣ የዩኒቨርሲቲው ቦርድ ሰብሳቢና የንግድ ምክር ቤቱ ኃላፊ ሦስቱ ተቀምጠው መከሩ፤ በዙሪያው ያሉ ማዘጋጃ ቤቶችም በነዋሪያቸው ቁጥር ልክ ለጋራ ፈንድ አዋጡ። መጀመሪያ ያመኑት ገመናቸውን ነበር፤ በአንድ ትልቅ ድርጅት ብቻ ተንጠልጥለን ኖረናል አሉ። ፊሊፕስም እስከዚያ ለራሱ ብቻ አጥሮት የነበረውን የምርምር ግቢ በ2003 ለሌሎች ኩባንያዎች ከፈተው። ዛሬ የቺፕ ማተሚያ ማሽን በመሥራት ዓለም የሚያውቀው ኤኤስኤምኤል በ1984 ከዚያው ከፊሊፕስ ጉያ የወጣ ነው። ልጁ ከአባቱ በለጠ፤ በአካባቢው ያሉ ብዙ ድርጅቶች ለእሱ ዕቃ በማቅረብ እንጀራ ያገኛሉ።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ብዙ አይደለም። በየአካባቢያችሁ አንድ ሰው ቅጠሩ፤ ሥራው መዞር ብቻ የሆነ፣ ፋብሪካ ገብቶ ዘይት የነካው፣ ቤተ ሙከራ ገብቶም የማይደናገር። ደመወዙን ሦስታችሁ ተካፈሉት፤ የሦስታችሁም ካልሆነ ማንም አያምነውም። በየወሩ ከእያንዳንዱ ድርጅት አንድ ያልተፈታ ችግር በአንድ ገጽ ይቀበል፤ ዩኒቨርሲቲው በሁለት ሳምንት ውስጥ «ይህን የሚያውቅ ሰው አለ» ወይም «የለም» ብሎ ይመልስ። «የለም» ማለትም መልስ ነው። ጠያቂውን በር ላይ ማስጠበቅ ግን ነውር ነው።

መምህሩ መለኪያቸውንና ሁለት ተማሪዎቻቸውን ይዘው ያንን ሞተር ሲሠራ ለመለካት በደብዳቤ ፈቃድ ጠይቀዋል። ደብዳቤውን ለሥራ አስኪያጁ ቢሮ ያደረስኩት እኔ ነኝ። ሰባት ወር ሆኖታል። በዚህ መሃል ኩሽኔታው አንድ ጊዜ ተበልቶ ተቀይሯል፤ አሁን ደግሞ መጮህ ጀምሯል።