ማስተካከያ፦ የኤክስ አክሲስ እኩልታ ኤክስ = 0 አይደለም

ሰሞኑን ተማሪዎች እየተቀባበሉት ያለው የሒሳብ ማስታወሻ ላይ "የኤክስ አክሲስ እኩልታ ኤክስ = 0 ነው" የሚል አለ። ኤክስ አክሲስ ማለት የግራፉ አግድም መስመር ነው፤ ትክክለኛው እኩልታው ዋይ = 0 ነው። እባካችሁ አስተካክሉት፣ ላጋራችሁትም ሰው ንገሩት፤ ፈተና ላይ ነጥብ የሚያስጥል ነገር ነው።

ለምን እንደሆነ ለማየት አግድሙ መስመር ላይ ያሉ ነጥቦችን ጻፉ፦ (5፣ 0)፣ (-2፣ 0)፣ (0፣ 0)። ኤክሱ እንደፈለገ ይቀያየራል፣ ዋዩ ግን ሁሌም ዜሮ ነው፤ ምክንያቱም ዋይ የሚነግረን ከዚህ መስመር ምን ያህል ወደ ላይ ወይም ወደ ታች እንደራቅን ነው፣ መስመሩ ላይ እስካለን ድረስ ደግሞ ምንም አልራቅንም። ኤክስ = 0 ብላችሁ ከሣላችሁ የሚወጣው ቀጥ ብሎ የቆመው ዋይ አክሲስ ነው።

ስህተቱ ወደ ሌላም ይዛመታል። ዋይ = 2ኤክስ - 6 የሚለው መስመር አግድሙን የት ላይ ይቆርጣል ሲባሉ ብዙ ልጆች ኤክስን ዜሮ ያደርጉና (0፣ -6) ይላሉ። እሱ ዋይ አክሲስን የሚቆርጥበት ነው። ዋይን ዜሮ አድርጉ፤ ኤክስ 3 ይሆናል፣ መልሱ (3፣ 0)።

ሌላው፣ ማስታወሻው "ዋጋውን እኛ የምንመርጠው ተለዋዋጭ ምንጊዜም አግድሙ ላይ ይቀመጣል" ይላል። "ብዙ ጊዜ" ቢል ነው ልክ የሚሆነው። ኢኮኖሚክስ ውስጥ የፍላጎት ግራፍ (ሰዎች በየዋጋው ምን ያህል ዕቃ እንደሚገዙ የሚያሳየው) ሲሣል የዕቃው ዋጋ ቁመቱ ላይ፣ የሚገዛው መጠን አግድሙ ላይ ነው የሚቀመጠው፤ በእንግሊዛዊው የኢኮኖሚክስ ሊቅ በአልፍሬድ ማርሻል በኩል የተስፋፋ ልማድ ነው። ኢኮኖሚክስ የምትማሩ ልጆች ግራፉ የተሳሳተ እንዳይመስላችሁ።