ይድረስ ለበዓል ስጦታ ሊንክ

በየበዓሉ ሳትጠራ ለምትመጣው የስጦታ ሊንክ፣ ካለህበት

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እኛ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነን ብለን እንዳንጽፍ ለመናፈቅ ጊዜ አልሰጠኸንም።

ከሁሉ በፊት ወሎዬነትህን እናመስግን። ለአረፋም ለገናም፣ ለመውሊድም ለፋሲካም እኩል ትመጣለህ። የምትቀይረው ሥዕሉን ብቻ ነው፤ ጨረቃዋን አንስተህ ዶሮውን ታስቀምጣለህ። ከሥር «እኔም ደረሰኝ» የሚሉት ተሸላሚዎች እንኳ ያው ናቸው። ከነፎቷቸው ገጹ ላይ የተለጠፉ ስለሆኑ መልስ ልጻፍላቸው ብሎ የነካቸው ሰው ምንም አይከፈትለትም።

ፈተናህም ደግ ነው። ሦስት ጥያቄ፣ ምንም ቢመለስ «እንኳን ደስ አለዎት!»። ቀጥሎ ዘጠኝ ሳጥን ትደረድራለህ፤ የመጀመሪያው ባዶ፣ ሁለተኛው ወይ ሦስተኛው ላይ ስልክ። የትኛውም ሳጥን ቢነካ ለውጥ የለውም፣ የሚቆጠረው ተራው ነው። ከዚያ «ለ5 ግሩፕ ያጋሩ» ትላለህ፣ አረንጓዴዋ መስመርም መሙላት ትጀምራለች። እዚህ ላይ ትንሽ ሐሜት ይፈቀድልን፦ መላካችንን አታይም። ዋትሳፕን ከፍቶ ለማንም ሳይልክ የተመለሰ ሰውም መስመሩ ይሞላለታል። ሞልታ ስታበቃ የሚመጣው ማስታወቂያ ነው፣ ወይም «ይህን አፕ ይጫኑ»።

ብልሃትህ ግን ሰው አመራረጥህ ላይ ነው። ቀጥታ አትመጣም፣ በአክስት ትመጣለህ። እዚህ ደሴ ሰኞ ገበያ ሰፈር ያሉ አንዲት እትዬ፣ ሙጋድ ሰፈር ላሉ ዘመዶቻቸው «ልጆቼ፣ እናንተም ሞክሩት» ብለው ሲልኩ ማን ደፍሮ «ይሄ ማጭበርበሪያ ነው» ይበላቸው? እዚህ አገር እምቢታ እንኳ «ኢንሻአላህ» ተብሎ ነው የሚነገረው።

አድራሻህ ላይ የታወቀ ድርጅት ስም መሰካትህንም አይተናል። ከሁለቱ ሰያፍ መስመሮች (//) በኋላ ቀጣዩን ሰያፍ (/) ፈልጎ ከእሱ ወደ ኋላ ያነበበ ሰው ግን ያገኝሃል። ባለቤትህ ከዚያ ሰያፍ በፊት ያሉት የመጨረሻ ሁለት ቃላት ናቸው፣ መጨረሻው «ዶት ኮም ዶት ኢቲ» ከሆነ ደግሞ ሦስት። ከእነሱ በፊት በነጥብ የተቀጠለው ሁሉ ጌጥ ነው።

በቴሌግራም ስትመጣማ ጨክነህ ነው። አቦል ሲቀዳ ስልክ ቁጥር ትጠይቃለህ፤ ቶና ላይ ቴሌግራም የላከውን ባለ 5 አኃዝ ኮድ ትለምናለህ፤ በረካ ሳይደርስ በኮዱ አካውንታቸው ውስጥ ገብተህ በእትዬ ስም «ብር አበድሩኝ፣ ማታ እመልሳለሁ» እያልክ ዘመድ ታዳርሳለህ። ከኮዱ ጋር «ለማንም አይስጡ» የሚል ተጽፎ እንደሚመጣ ታውቃለህ፤ እትዬ መነጽራቸውን እስኪያገኙ እንደማታስጠብቅም እናውቃለን።

አንድ ነገር ግን ያስጨንቅህ። ቴሌግራም ላይ ወደ አንድ አካውንት አዲስ የገባ ስልክ ሌሎቹን ስልኮች ማስወጣት የሚችለው 24 ሰዓት ሲሞላው ነው። ስለዚህ እትዬ በዚያው ቀን ሴቲንግስ፣ ዲቫይስስ ገብተው «ተርሚኔት ኦል አዘር ሴሽንስ» (ሌሎቹን ሁሉ አስወጣ) የሚለውን ቀይ ጽሑፍ ከነኩ ውጭ አደርክ። ከዚያ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ ውስጥ «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» ላይ የይለፍ ቃል ካስገቡ፣ ሌላ ጊዜ ኮዱን ቢሰጡህም ብቻውን አያስገባህም። ደግነቱ ላንተ፣ ሰው ሲደነግጥ መጀመሪያ የሚያደርገው አፑን አጥፍቶ እንደገና መጫን ነው። ያኔ አዲስ ገቢ የሚባሉት እትዬ ይሆናሉ፤ 24 ሰዓቱን የሚጠብቁትም እሳቸው፣ ነባሩ አንተ!

ሌላው ቀርቶ ያችን «5 ደቂቃ ብቻ ቀረዎት» የምትል ሰዓትህን አሠራት። ገጹ በታደሰ ቁጥር ከ5 ትጀምራለች፤ ሰኞ የከፈተህ ሰው ማክሰኞም 5 ደቂቃ ይቀረዋል።

አክባሪዎችህ፣
የቤተሰብ ግሩፕ አድሚኖች፣ ደሴ